የቅጠል ዘማሪዋ ወፍ

ምንባብ፤ የማቴዎስ ወንጌል 10፥28-31



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሊልካቸው በተነሣ ጊዜ ከሚደርስባቸው መከራ አንዳች አልሸሸገም። ወደ ሸንጎ እንደሚወሰዱ፥ እንደሚገረፉ፥ ከገዛ ቤተ ሰባቸው እንኳ ጠላት እንደሚነሣባቸው ገልጦ ነገራቸው። ይህን ሁሉ ካስታወቀ በኋላ ግን እንዳይፈሩ አዘዛቸው። ለዚህም ትእዛዝ ምስክር አድርጎ ያቀረበው መልአክን ወይም ነቢይን አይደለም፤ በገበያ በርካሽ ዋጋ የምትሸጠውን ድንቢጥ ነው። ማቴዎስ ሁለት ድንቢጦች በአንዲት ሳንቲም እንደሚሸጡ ሲጽፍ ሉቃስ በምዕራፍ 12 ቍጥር 6 አምስቱ በሁለት ሳንቲም እንደሚሸጡ ይጽፋል። ሒሳቡን ያስተዋለ ሰው አምስተኛዪቱ ድንቢጥ ዋጋ ያልወጣባት፥ ለምርቃት የተጨመረች መሆንዋን ያያል። ጌታ ግን ያችን የምርቃት ወፍ ጠቅሶ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተረሳች መሰከረላት።

ድንቢጥ ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል በቤታችን ክዳን ሥር የምትኖረውን ወፍ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ትንንሾቹን ወፎች ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ከእነዚህ ከትንንሾቹ አንዲቱን መርጠን ኑሮዋን እንመልከት። በስብከታችን ወፎችን ብዙ ጊዜ የምንጠራቸው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ስማቸውን አንሥተን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር እናልፋለን። ጌታ በተራራው ስብከቱ ያዘዘን ግን እንድንመለከታቸው ነው፤ መመልከት ደግሞ ትዕግሥትና ጊዜ ይጠይቃል። ማርቲን ሉተርም ይህንኑ የተራራ ስብከት ሲያብራራ ወፎች የእኛ መምህራንና ሰባኪዎች ሆነው እንደ ተሾሙ አስተምሯል።

ይህችን ወፍ ስዊድኖች በቋንቋቸው የቅጠል ዘማሪ ይሏታል። እንግሊዞች ከአኻያ ዛፍ ጋር አገናኝተው ይጠሯታል። የሊቃውንት ስሟ ፊሎስኮፑስ ትሮኪሉስ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ የተገኘና ቅጠል መርማሪ እንደ ማለት ነው። ርዝመቷ 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር፥ ክብደቷ 10 ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር አያህልም። ጀርባዋ እንደ ወይራ ቅጠል ያለ አረንጓዴ፥ ደረቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ከዐይኗ በላይም እንደ ቅንድብ ያለ ነጣ ያለ መሥመር ተሥሏል። በቅጠል መካከል ስትሆን ከቅጠሉ ለይቶ ለማየት ያስቸግራል።

ስም ሰጥቶ በመዝገብ ያስገባት ካርል ሊኔየስ ነው፤ ይህም በ1758 ዓ.ም. ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሊኔየስ በ1707 በስዊድን አገር በስሞላንድ አውራጃ የተወለደ የሉተራን ቄስ ልጅ ነበር። ጥቂት ቈይቶም በእንግሊዝ አገር በሴልቦርን መንደር የሚኖር ጊልበርት ኋይት የሚባል ሌላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሰዎች አንድ ወፍ ናት ብለው የሚያስቧት ሦስት ልዩ ልዩ ወገን መሆንዋን በ1768 በጻፈው ደብዳቤ አስታወቀ። ሦስቱ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ሲሆኑ እርሱ በተለይ በዜማቸው ለያቸው። አጥቢያውን ሲዞር ጆሮውን ያልደፈነ አገልጋይ ነበርና ብዙዎች የሰሙትን እርሱ አዳመጠው። የዚህችኛዪቱ ዜማ ከላይ ጀምሮ እየተንቆረቆረ ወደ ታች የሚወርድ፥ በመጨረሻውም እንደ ሹክሹክታ ሆኖ የሚጠፋ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንደምትኖር እንይ። ማለዳ ከነቃች ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ አታርፍም። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች የቅጠሉን ላይና ታች ትመረምራለች፤ ክሽክሽን፥ ትንኝን፥ ትንንሽ ሸረሪቶችንና አባጨጓሬዎችን በቀጭን ምንቃርዋ ትለቅማለች። አንዳንድ ጊዜም ወደ አየር ተወርውራ የምትበር ዝንብ ትይዛለች። አይዘሩም፥ አያጭዱም፥ የሰማዩ አባት ግን ይመግባቸዋል የሚለውን የጌታን ትምህርት ይዘው ሥራ ለመፍታት ምክንያት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አንዲት ወፍ ከማለዳ እስከ ቀትር ድረስ ተከትለው ቢመለከቱ ያፍራሉ። እግዚአብሔር ለዚህች ወፍ ምግቧን ያዘጋጀው ከቅጠል በታች ነው እንጂ በአፏ ውስጥ አይደለም። ቅጠሉን መገልበጥ የእርሷ ፈንታ ሆኗል። ነገር ግን ያችን ክሽክሽ በቅጠሉ ሥር ያበቀላት ወፊቱ አይደለችም፤ ነገ በዚያ ስለ መገኘቷም ዛሬ አታስብም። ጌታ ያስተማረን ይህንን ነው፤ ከጭንቀት እንድናርፍ ነው እንጂ ከሥራ እንድናርፍ አይደለም።

በተጨማሪም ይህን አስተውሉ። እርሷ እንጀራዬ ብላ የምትለቅመው ክሽክሽና አባጨጓሬ የእኛን የባቄላና የአተር ማሳ፥ የጓሮአችንንም ጎመን የሚያጠፋ ነው። ገበሬው ለሚቸገርበት ነገር እርሷ ታመሰግናለች ብንል ስሕተት አይሆንም። እግዚአብሔር የአንዱን ጥፋት የሌላውን ማዕድ አድርጎ አሰናድቶታልና፥ እርሷ ስትጠግብ ለእኛ ሳታውቀው ትሠራለች።

ጎጆዋን የምትሠራው በሰሜን አገር ነው፤ ከእንግሊዝና ከስካንዲናቪያ ጀምሮ በሩስያ አልፎ እስከ ሳይቤሪያ ዳርቻ ድረስ። በሚያዝያና በግንቦት ወንዱ ቀድሞ ይደርስና በበርች ወይም በአኻያ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል፤ ሴቲቱም ኋላ ትመጣለች። ዜማው የሚሰማው ከዛፉ ጫፍ ሆኖ ሳለ ቤቱ ግን በምድር ላይ መሆኑ ያስደንቃል። ጎጆው በሣር ጕንጕን ሥር ተሸሽጎ ይሠራል፤ ክዳን አለው፥ መግቢያውም በጐኑ በኩል ነው። የሚሠራው ከደረቅ ሣርና ከቅጠላ ቅጠል ነው፥ ውስጡም ለስላሳ ላባ ይነጠፍበታል። ይህን ሁሉ እናቲቱ ብቻዋን ትሠራለች። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት እንቍላሎች ትጥላለች፤ ዐሥራ ሦስት ቀን ያህልም ብቻዋን ትታቀፋቸዋለች። ከተፈለፈሉ በኋላ ግን አባትየውም ወደ ሥራው ይገባል፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ በመመላለስ በአፋቸው ትል ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጫጩቶቹ ከጎጆ ይወጣሉ። በእግር መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሳያውቅ ሊረግጠው በሚችል ስፍራ ሰባት ሕይወት ተደብቆ ያድጋል።

ሌላም ነገር አለ። ወፎች ሁሉ ያረጀ ላባቸውን ይለውጣሉ፤ ብዙዎቹም ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያደርጉት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ይህች ወፍ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትለውጣለች፤ አንድ ጊዜ በሰሜን ልጆቿን ካሳደገች በኋላ፥ ሁለተኛም በአፍሪካ ሳለች ለመልስ ጕዞ ሳትነሣ በፊት። ከወፎች ወገን እንደዚህ የሚያደርግ እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በተበላ ላባ የሚጀመር አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ከኑሮዋ ሁሉ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና።

የሰሜኑ ቀን ማጠር ሲጀምር የምግብ ፍላጎቷ ይጨምራል፤ በቆዳዋም ሥር ስብ ታከማቻለች። ይህ ስብ የመንገድ ስንቋ ነው። ከዚያም አንድ ምሽት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ትነሣለች። ቀን ቀን እየበላች ሌሊት ሌሊት ትበራለች። ባሕር ታቋርጣለች፤ ሰሐራን ታቋርጣለች። መንገዷን በፀሐይና በከዋክብት፥ እንዲሁም ሰው በማይሰማው በምድር የማግኔት ኀይል እንደምታውቅ ሊቃውንት በብዙ ምርመራ አረጋግጠዋል። ከሁሉም የሚገርመው የዚያው ዓመት ልጆች ነገር ነው። በሰኔ የተፈለፈለች ጫጩት በመስከረም ብቻዋን ትሄዳለች። እናትና አባቷ እየመሩ አይወስዷትም። ከዚህ ቀደም አፍሪካን አላየችም፥ ስለ አፍሪካም የነገራት የለም። ሆኖም ወዴት መዞር እንዳለባት፥ እስከ ምን ያህል ሌሊትም መብረር እንዳለባት በውስጧ ተጽፎ ተወልዳለች። ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ወፎች ከእንቍላል ጀምሮ በቤት ውስጥ ቢያሳድጓቸው እንኳ የጕዞው ወራት ሲደርስ በሌሊት ይቅበዘበዛሉ፤ ፊታቸውንም ወደሚገባቸው አቅጣጫ ያዞራሉ።

በስዊድን አገር ውስጥ በደቡብ ያሉት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረው በምዕራብ አፍሪካ ይከርማሉ፤ በሰሜን ያሉት ግን ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ሁለቱም በአንድ አገር ተፈልፍለው እያንዳንዱ የአባቱን መንገድ ይከተላል። ከሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚነሡት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይደክማሉ። በ2018 የታተመ ጥናት ብርሃንን የሚመዘግብ እጅግ ትንሽ መሣሪያ በወፎች ጀርባ ላይ ታስሮ ጕዞአቸው እንደ ተለካ ይገልጣል፤ እነዚህ 10 ግራም የሚመዝኑ ወፎች እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ለአንድ ጕዞ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። ለመመለስም ያንኑ ያህል ነው።

የእኛም ደጋ በዚህ መንገድ ላይ ነው። አደይ አበባ በሚፈነዳበት በመስከረም፥ ከዚያም በጥቅምት እነዚህ ወፎች በአገራችን ላይ ያልፋሉ፤ ጥቂቶቹም ከርመው ይቀራሉ። በግራርና በወይራ፥ በጓሮ ቍጥቋጦም ውስጥ ክሽክሽ ሲለቅሙ ይታያሉ። በደጋችን ደን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳትሄድ የምትኖር ቡናማ ዘመድም አለቻቸው፤ እንግዳዪቱና ባላገሪቱ ለጥቂት ሳምንታት ማዕድ ይካፈላሉ። ከስዊድን የተላኩት የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ ይህች ወፍ መንገዱን ስንት ሺህ ዓመት ስታውቀው ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የላኩ እናቶችና አባቶች በየጉባኤያችን ይቀመጣሉ። ልጂቱ በሌሊት ተሣፍራ ሄደች፤ እናቲቱ ያችን አገር አታውቃትም፥ ልትመራትም አልቻለችም። ስልክ በዘገየ ቍጥር እንቅልፍ የላትም። ለእንደዚህች እናት ወፊቱን አይተሽ ተጽናኚ ብሎ በቶሎ መናገር ቀላል ነው፤ ግን እውነተኛ ቃል አይሆንም። ወፊቱ በእምነት አትሄድም፤ በተፈጥሮዋ ትሄዳለች። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ቍጥር 7 ስደተኛ ወፎች ጊዜያቸውን እንደሚያውቁ የጠቀሰው ሕዝቡን ለማመስገን ሳይሆን የእግዚአብሔርን ፍርድ ባለማወቃቸው ሊወቅሳቸው ነው። ሰው መንገዱ በውስጡ ተጽፎ አልተወለደም፤ ሊስት ይችላል። ስለዚህም ለሰው ከተፈጥሮ የሚበልጥ ነገር ተሰጥቶታል፤ ይኸውም የሚጠራው ድምፅ ነው። አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ፤ የወጣው ግን በከዋክብት ተመርቶ አይደለም፥ በተነገረው ቃል ነው። ስለዚህ እናት ሆይ፤ ልጅሽ ከመሄዷ በፊት በቤትሽ የሰማችው የእግዚአብሔር ቃል፥ በጥምቀትም የተጠራችበት ስም አብሮአት ባሕሩን ተሻግሯል። አንቺ ልትከተያት ባትችዪም እርሱ ፓስፖርት አያስፈልገውም።

ይህን ከተናገርን በኋላ ከባዱን ነገር ልንሸሽ አይገባንም። እስኪ አብረን እንቍጠር። አንድ ጥንድ ወፍ በአንድ በጋ ስድስት ልጆች ቢያሳድግ ወላጆቹና ልጆቹ ስምንት ይሆናሉ። በአገሩ ያለው የወፎቹ ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚኖር ከሆነ ከእነዚህ ከስምንቱ በሚመጣው በጋ በአማካይ የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ስድስቱስ የት ደረሱ? አንዱን ጭልፊት ይወስደዋል፤ አንዱ በማዕበል ባሕር ውስጥ ይወድቃል፤ አንዱ በሰሐራ አሸዋ ላይ ስንቁ ያልቅበታል። በግብፅ የባሕር ዳርቻ ረጅም መረብ ይዘረጋል፤ በቆጵሮስ ሙጫ የተቀባ እንጨት በቍጥቋጦ ውስጥ ይቆማል። ወፎች ይወድቃሉ፥ ወገኖቼ፤ ጌታም አይወድቁም አላለም። ሰባኪ ሁሉ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ቢያነብ መልካም ነው። በድንቢጥዋ ምሳሌ የተነገረው ተስፋ ከመውደቅ የመዳን ተስፋ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ውርጭ በፈረሰ ነበር።

ጌታ ያለው ሌላ ነው። ብዙ ትርጕሞች ፈቃድ የሚለውን ቃል ጨምረው ያለ አባት ፈቃድ እንደማትወድቅ ይነግሩናል፤ ይህም በራሱ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር የማያውቀውና ከእጁ ያመለጠ ነገር የለምና። በግሪኩ መጽሐፍ ግን ፈቃድ የሚል ቃል አይገኝም፤ ድንቢጥዋ ያለ አባት እንዳትወድቅ ብቻ ይናገራል። ልዩነቱ ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው ትንሽ አይደለም። ልጁን የቀበረ አባት ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና ዝም በል የሚለውን ቃል ከብዙ አጽናኞች ሰምቶ ከእግዚአብሔር ርቆ ሊሆን ይችላል። ወንጌሉ ግን አባት ከሩቅ ሆኖ አዘዘ ብሎ አያቆምም፤ ወፊቱ በወደቀችበት በአሸዋው ላይ አባት አለ ይላል። ማንም ባላያት፥ ማንም ባልቀበራት ስፍራ ያለ እርሱ አልነበረችም።

ሉተር ወፎችን ይወድ ነበር። በ1534 ቮልፍጋንግ ዚበርገር የሚባል አገልጋዩ ወፍ ለመያዝ መረብ በገዛ ጊዜ ሉተር ወፎች ራሳቸው የጻፉት አስመስሎ የክስ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ በመከር ወራት በቪተንበርግ ላይ የሚያልፉ ወፎች ለሉተር አቤት ይላሉ፤ አገልጋዩ የመብረር ነጻነታቸውን ሊወስድባቸው እንደ ሆነ ይከሳሉ፥ መረቡን ካልተወም ማታ ማታ እህል እንዲበትንላቸው፥ ጧትም ማልዶ እንዳይነሣ ይለምናሉ። በቀልድ የተጻፈ ነው፤ ያነበበው ሁሉ ይሥቃል። ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1542 በመስከረም፥ ወፎች እንደገና በቪተንበርግ ላይ በሚያልፉበት ወራት፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁ መግደሌና በእቅፉ ውስጥ ሞተች። ያ ስለ ወፎች የቀለደ ሰው በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ አለቀሰ። እግዚአብሔር ወፎችን እንደሚመግብ ለዓለም ያስተማረ ሰው ልጁ እንድትተርፍለት ለመነ፥ አልተረፈችም። ከዚያም በኋላ መስበኩን አላቋረጠም።

እርሱን ያቆመው ምን ነበር? ስለ ወፎች ያለው እውቀት አይመስለኝም። ከወፎች የእግዚአብሔርን ቸርነት እናያለን፤ ልቡን ግን አናይም። ልቡ የታየው በሌላ ስፍራ ነው። ድንቢጦች በሳንቲም እንደ ተሸጡ የተናገረው ጌታ ራሱ በሠላሳ ብር ተሸጠ፤ ይህም በዘፀአት ምዕራፍ 21 ቍጥር 32 በበሬ ለተወጋ ባሪያ የተወሰነ ካሣ ነው። እርሱም ወደቀ፤ ወደ ምድር ወረደ፥ ተቀበረም። በዚያች ሰዓት አባቱ እንደ ተወው ያህል ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ግን ያለ አባት እንዳልወደቀ ተገለጠ። ስለዚህ አሁን የሚወድቅ ሁሉ፥ በሕክምና ቤት አልጋ ላይም ቢሆን፥ በሰው አገር በባዕድ ቤትም ቢሆን፥ ክርስቶስ አስቀድሞ በወደቀበት ምድር ላይ ይወድቃል። ልጅህን የቀበርህ ወንድሜ፤ ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ በእጄ የለም። ይህኛው ግን የማይፈርስ ነው።

ስለ ወፊቱ ጥቂት ነገር ቀርቶናል፤ ይህም የእኛን እጅ ይመለከታል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቍጥር 6 እና 7 በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል። ሙሴ ሕዝብን ከግብፅ ያወጣ፥ ከንጉሥ ጋር የተከራከረ ታላቅ ሰው ሳለ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ሕግ እንዲጽፍ ታዘዘ። እኛ ግን ልጆቻችን በወንጭፍ ወፍ ሲገድሉ እያየን ጨዋታ ነው ብለን እናልፋለን። ለመብላት የማይገድሉትን፥ ማሳ ያላጠፋውን፥ ይልቁንም ትል የሚለቅመውን ወፍ ለመዝናናት መግደል ጨዋታ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ነገር በግልጥ ቢናገሩ መልካም ነው፤ ልጅ ሲነገረው ይሰማልና፥ ከሽማግሌ ይልቅ ቶሎ ይመለሳል።

ዛፍንም በሚመለከት ሳልናገር አላልፍም። በእንግሊዝ አገር በደቡቡ ክፍል የዚህች ወፍ ቍጥር ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ቀንሷል፤ በስኮትላንድ ግን የተሻለ ነው። ወፊቱ የሁለት አገር ዜጋ ስለሆነች ከሁለቱ በአንዱ ቢከፋት ሌላው ብቻውን አያድናትም። እኛ የምናስተናግዳት ለጥቂት ሳምንት ቢሆንም ያ ሳምንት ስንቅ የምትሰንቅበት ነው። በጎንደርና በጎጃም የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን በቤተ ክርስቲያናቸው ዙሪያ ጥድና ወይራ ጠብቀው ስላቈዩ ዙሪያው ገላጣ ሆኖ ሳለ እነዚያ ደኖች ለወፎች መጠጊያ ሆነው ቀርተዋል። እኛ ይህን ከእነርሱ ብንማር አያሳፍረንም። የብዙዎቹ የጸሎት ቤቶቻችን ግቢ የተጠረገ አፈር ነው፤ ከተከልንም ባሕር ዛፍ እንተክላለን፥ ቶሎ ያድጋልና። ምሰሶ ለሚፈልግ ሰው ባሕር ዛፍ ይጠቅማል፤ በግቢው ጥግ ግን አንድ ወይራ፥ አንድ ግራር፥ ጥቂትም ቍጥቋጦ ሳይቈረጥ ቢቀር ምን ይጐዳናል? መዝሙረኛው በመዝሙር 84 ወፍ በእግዚአብሔር መሠዊያ አጠገብ ጎጆ እንዳገኘች ሲዘምር የቤተ መቅደሱ አገልጋዮች ስላላባረሯት ደስ ያለው ይመስላል።

በመጋቢትና በሚያዝያ፥ በልግ በሚዘንብባቸው አገሮች መሬቱ ሲረጥብ፥ ወፎቹ ከደቡብ ተመልሰው እንደገና በደጋችን ያልፋሉ። አዲስ ላባ ለብሰዋል። ወንዶቹ በጕዞ ላይ ሳሉ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይዘምራሉ፤ ከመንጋቱ በኋላ ፀጥ ባለ ጊዜ በግቢያችሁ ዛፍ ላይ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚንቆረቆር ቀጭን ዜማ ብትሰሙ ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላል። ለማየት አትቸኵሉ፤ ከቅጠሉ አይለይም። ጥቂት ቀን በልቶ፥ ስንቁን ሞልቶ፥ አንድ ምሽት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይነሣና ወደ ሰሜን ይሄዳል።